ልጄ «ቋንቋ በዝቶበት» አልነበረም

ይህን የምጽፈው ልጃቸው አፉን ለመፍታት ለዘገየባቸውና «ቤታችሁ ውስጥ ቋንቋ በዛ፤ ልጁ ግራ ተጋብቷል» ለተባሉ ወላጆች ነው። እኔም ተብያለሁ። የተባልኩትን አምኜ ያደረግኩት ነገር ቤታችንን ለወራት ዝም አሰኘው፤ ለልጄም አልጠቀመውም። ዛሬ ሁለቱ ልጆቼ በሦስት ቋንቋ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እዚህ እስክንደርስ ግን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው በነበረ ብዬ የምቆጭበት ብዙ ነገር አለ።

የቤታችን ሁኔታ እንዲህ ነው። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ። ባለቤቴ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛም እንደ እኔው ይናገራል። እርስ በርሳችን የምናወራው በአማርኛ ነው። የምንኖረው ሁለቱም ቋንቋዎች በማይነገሩበት አገር ነው፤ የሕፃናት መዋያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪሙም በሦስተኛ ቋንቋ ነው የሚያወራው። የእናንተ ቤት ቋንቋዎች ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ትግርኛና አማርኛ፣ ሶማሊኛና አረብኛ፣ ምንም ይሁን። ችግሩ ያው ነው።

ዕቅድ ያወጣነው ገና ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። እኔ በአማርኛ ብቻ፣ አባቱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ብቻ ልጁን ልናናግረው ተስማማን። «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» የሚባለው ዘዴ ነው፤ ብዙ ወላጅ የሚጀምረው በዚሁ ነው። የቆየ ሐሳብ ነው። ዡል ሮንዣ የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ምሁር ልጁን ሉዊን እሱ በፈረንሳይኛ፣ እናቱ በጀርመንኛ እያናገሩ እንዴት እንዳሳደጉት እ.ኤ.አ. በ1913 ጽፎ አሳትሟል። ልጁ ሁለቱንም ቋንቋ ይዞ አደገ። ይህን ሳነብ ልቤ ረካ። ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያወራ ከወሰንን ሌላው በራሱ ጊዜ የሚመጣ መሰለን።

ያልቆጠርነው ሰዓቱን ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ልጁ ሊተኛ ትንሽ ይቀረዋል። እኔና እሱ ስናወራ አማርኛ ነው። ስለዚህ ልጁ አፋን ኦሮሞ የሚሰማው አባቱ ልብስ ሲቀይርለት፣ ሲያስተኛው፣ ከዚያም ቅዳሜና እሁድ ይዞት ሲወጣ ብቻ ነበር። በዕቅዳችን ሁለት ቋንቋ፣ በጆሮው ግን አንድ ከሩብ። እባካችሁ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ተራ ሳምንት ውሰዱና ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ማን፣ በምን ቋንቋ፣ ምን ያህል እንደሚያናግረው ጻፉት። አንዱ ቋንቋ በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይደርሰው ከሆነ ልጁ ሊረዳው ይችል ይሆናል፤ ይናገረዋል ብሎ መጠበቅ ግን ይከብዳል። እኔ ለራሴ የያዝኩት አባባል ይህ ነው፦ ለልጅ ቋንቋ አይበዛበትም፤ የሚያንሰው ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሕፃን ሲወለድ የየትኛውንም ቋንቋ ድምፅ ለይቶ መስማት ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ጆሮው ቀስ በቀስ በዙሪያው ወደሚነገሩት ቋንቋዎች ያዘነብላል፤ ዓመት ሲሞላው ከማይሰማቸው ቋንቋዎች አንዳንድ ድምፆችን መለየት ይሳነዋል። ይህን ስናውቅ ተጣደፍን። የአፋን ኦሮሞው ሰዓት አነሰ ብለን የልጆች መዝሙርና ተረት ከስልክ ከፍተን አጠገቡ እናስቀምጥለት ጀመር። ልጁ ፈዝዞ ያያል። እኛም እየተማረ ነው ብለን ደስ ይለናል።

ኋላ ነው ፓትሪሺያ ኩል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችውን ጥናት የሰማሁት። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ከቻይንኛ ጋር አስተዋወቋቸው። አንዱ ቡድን ቻይንኛ የሚናገር ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍ እያነበበና በአሻንጉሊት እያጫወተ አናገረው። ሌላው ያንኑ ሰው በቪዲዮ ብቻ አየው፤ ሦስተኛው በድምፅ ብቻ ሰማው። 12 ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ሰው ያናገራቸው ሕፃናት የቻይንኛውን ድምፅ ለይተው ሰሙ። ቪዲዮ ያዩትና ድምፅ ብቻ የሰሙት ምንም ትምህርት አልያዙም። ሕፃን የሚማረው ዓይን ዓይኑን ከሚያየው፣ እሱ ሲስቅ ከሚስቅ፣ የጠቆመውን ነገር ስሙን ከሚነግረው ሰው ነው። ስለዚህ ቋንቋው የጎደለበት ወላጅ ለሕፃኑ ስልክ ከመክፈት ይልቅ ሰው ቢፈልግለት ይሻላል። አክስት፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ማንም ይሁን።

የቪዲዮ ጥሪ ግን ለብቻው ይታያል። በስልኩ ውስጥ ያለችው አያት ለልጁ ትመልስለታለች፤ ሲስቅ ትስቃለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ከ18 ወር በታች ያሉ ልጆች ስክሪን እንዳያዩ ሲመክር የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ይፈቅዳል።

ልጄ ዓመት ተኩል ሲያልፈው የሚላቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በመዋያው ያሉ እኩዮቹ እየቀጣጠሉ ይናገራሉ። እሱ ይጠቁማል፣ ይጎትተኛል፣ ያለቅሳል። የመዋያው ተንከባካቢ ጠርታ በጣም በትሕትና «ቤት ውስጥ የምታናግሩት በስንት ቋንቋ ነው?» አለችኝ። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «አንዱን ምረጡለት፤ ቢቻል የኛን» አለች። ለክትትል የምንሄድበት ጤና ባለሙያም ያንኑ ደገመው። ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ ነገር ሲሏችሁ ለመከራከር አቅም አይኖራችሁም። በተለይ ልጃችሁ ሲቸገር እያያችሁ። ቤት ገባንና ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሁለታችንም በመዋያው ቋንቋ ልናናግረው ወሰንን።

ቀጥሎ የሆነውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ምክር ዛሬም ለብዙ ወላጅ እየተሰጠ ነው። እኔ ያንን ቋንቋ ለሥራና ለገበያ እችለዋለሁ። ሕፃን ለማባበል ግን አልችልም። እሹሩሩ አላውቅበትም። ተረት የለኝም። ልጅ ሲወድቅ ከአፍ የሚወጣውን ቃል አላውቀውም። ስለዚህ ያለኝ ንግግር ትእዛዝ ብቻ ሆነ፤ ና፣ ተቀመጥ፣ ተው፣ ብላ፣ ተኛ። ሳጥበው ስለ ውሃው፣ ስለ አረፋው፣ ስለ እግሩ ጣቶች የማወራው ወሬ ሁሉ ቀረ። ባለቤቴም እንደዚያው። ልጁ በቀን የሚሰማው ቃል አነሰ። የሰማውም ቢሆን ሰዋስው የጎደለው፣ እኔ ራሴ የተሳሳትኩት ንግግር ነበር። ወራት አለፉ፤ የጨመራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። እንዲያውም «አምጣ» ማለት ለምዶ የነበረውን ተወው።

ነገሩን የቀየረችው አንዲት የንግግርና የቋንቋ ባለሙያ ናት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሆኖም ደረሰን። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልጁ ምን ያህል ቃል እንደሚናገር አልነበረም። የሚረዳውን ነው የጠየቀችኝ። በአማርኛ «ጫማህን አምጣ» ብለው ያመጣል? በጣቱ ይጠቁማል? አንድ ነገር ሲያስደንቀው እኔ እንዳየው ዞሮ ያየኛል? ከዚያ የሚላቸውን ቃላት በሦስቱም ቋንቋ እንድነግራት ጠየቀች፤ «እንዳንቺ አፍ ጥርት ያለ ባይሆንም ቁጠሪው» አለችኝ። ለአንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ሁለት ቃል ካለው ሁለቱም ተቆጠሩ። ተደምሮ ሲታይ መዋያው ከሚያውቀው በብዙ ይበልጣል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ በእያንዳንዱ ቋንቋ ብቻውን ሲለካ ከእኩዮቹ ያነሰ ቃል ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ሕመም አይደለም። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚቆጥር ሰው የልጁን ግማሹን ነው የሚያየው።

ሆኖም «ምንም የለበትም» ብላ አላሰናበተችንም። ተደምሮም ቢሆን ትንሽ ነው አለች፤ የመስማት ምርመራ አዘዘችለት። እኔ ይሰማል ብዬ ተከራከርኩ። ስጠራው ዞር ይላላ! ምርመራው ግን በሁለቱም ጆሮዎቹ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙን አሳየ። ትኩሳት የለውም፣ ሕመም የለውም፣ ስለዚህ ማንም አላወቀም። ልጁ ድምፅ ይሰማል፤ ግን ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሰው ወሬ እንደመስማት ነው። ቀሰስ ያሉት የቃላት ጫፎች ይጠፉበታል። ይህ በትናንሽ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ ጠብቀው ያዩታል፤ ካልጠፋ ትንሽ ቱቦ ይደረጋል። የኛ በክትትል ለቀቀው።

ይህን ሁሉ ጊዜ «ቋንቋ በዝቶበት ነው» ተብሎ ጆሮው ሳይታይ መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። «ቋንቋ በዛበት» የሚለው ምክንያት ሁለት ጉዳት አለው። ጤነኛውን ልጅ ቋንቋውን ያሳጣዋል፤ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ደግሞ «ይደርሳል፣ ጊዜ ስጡት» እየተባለ እንዲቆይ ያደርገዋል።

እንግዲህ መቼ ነው መሄድ ያለብን ለምትሉ፣ ባለሙያዋ የነገረችኝን ልንገራችሁ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ተደምሮ፣ 12 ወር ሞልቶት «ባባ፣ ዳዳ» እያለ የማይለፈልፍ፣ በጣቱ የማይጠቁም ወይም በእጁ ቻው የማይል ልጅ ይታይ። 16 ወር ሞልቶት አንድም ቃል የሌለው ይታይ። ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ከራሱ የማያገናኝ፣ ለምሳሌ «አባ ሄደ» የማይል፣ ይታይ። በየትኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን መናገር ያቆመ ልጅ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል ይታይ። እውነተኛ የቋንቋ ችግር በሁሉም ቋንቋዎቹ ነው የሚታየው። በአማርኛ ተረት እየተረከ በመዋያው ዝም የሚል ልጅ ገና ያንን ቋንቋ እየለመደ ነው። ደግሞም ልጁ ኦቲዝም ወይም ዳውን ሲንድረም ቢኖርበትም እንኳ የቤቱን ቋንቋ ማስተው አያስፈልግም፤ እነዚህ ልጆችም በአቅማቸው ሁለት ቋንቋ ይማራሉ። እናቱ ከልቧ የምታናግረውን ቋንቋ ማጣት ለማን ይበጃል?

ለቀጠሮ ስትሄዱ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ የሚላቸውን ቃላት ሁሉ በየቋንቋው ጽፋችሁ፣ ማን በምን ቋንቋ እንደሚያናግረውና በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጨምራችሁ። ስልካችሁ ላይ ሲጫወት የቀዳችሁት ድምፅ ቢኖር ደግሞ በጣም ይጠቅማል፤ ልጅ ሐኪም ፊት ዝም ይላል። አስተርጓሚ ካለ ጠይቁ። የመስማት ምርመራ ካላነሱ እናንተ አንሱት።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ልጁ ወዲያው ጎረፈ ብላችሁ እንዳታስቡ። ቀስ እያለ ነው የመጣው። እኔ የጀመርኩት በየቀኑ በሚደጋገሙ ነገሮች ነው፤ ሲታጠብ፣ ሲለብስ፣ ደረጃ ስንወርድ። እነዚህ ሰዓቶች ላይ ያው ቃል በየቀኑ ይመጣል፤ ልጁ ቀጥሎ ምን እንደምል ያውቃል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሬ መጨረሻውን እተውለታለሁ። «አሁን ደግሞ እጃችንን...» ብዬ ዝም። ዝም ማለቱ ለኔ ከባዱ ነበር። ወላጅ መልስ ሲዘገይ ራሱ ይመልሳል። እስከ አሥር ድረስ በልባችሁ ቁጠሩ፤ ልጁ ቃሉን እየፈለገ ነው። «ኳስ» ሲል «አዎ፣ ትልቅ ኳስ! ኳሱ ተንከባለለ» እያልኩ ከሱ ቃል ላይ አንድ ሁለት እጨምራለሁ። «ኳስ በል፤ እስቲ ድገመው» የሚለውን ጨርሶ ተውነው። ልጅ እየተፈተነ መሆኑን ሲያውቅ አፉን ይዘጋል። መጽሐፉ በሌላ ቋንቋ ቢሆንም ችግር የለም፤ ሥዕሉን እያያችሁ በራሳችሁ ቋንቋ አውሩት።

አፉን ሲፈታ ቋንቋዎቹን ቀላቀላቸው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በመዋያው ቋንቋ ይጨርሰዋል፤ መሀል ላይ የአባቱ ቃል ይገባል። ዘመድ ሁሉ «ይኸው፣ ተምታታበት» አለ። አልተምታታበትም። ቃሉን በአንዱ ቋንቋ ካላገኘው ከሌላው ይበደራል፤ አዋቂዎችስ ስናወራ እንዲሁ አይደለም እንዴ? ደግሞም ልብ ብላችሁ ካያችሁ ልጁ ሰውን ይለያል። አማርኛ ከማያውቀው ሰው ጋር አማርኛው በጣም ይቀንሳል። አትቆጡት። አትሳቁበትም፤ በተለይ ሲኮላተፍ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ ለትንሽ ልጅ አፍ ከባድ ድምፆች ናቸውና ዘግይተው ነው የሚጠሩት።

አማርኛው ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር ገጠመኝ። ልጄ እኔን «እማ፣ ና!» ይለኝ ነበር። ለአያቱም «ና»። አባቱ እኔን «ነይ» ሲለኝ ቢሰማም፣ ለሱ በቀን ስንት ጊዜ የሚነገረው «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ነው፤ የተነገረውን ነው የሚመልሰው። በማረም ብዛት አልተስተካከለም። የተስተካከለው እህቱ ተወልዳ እሷን «ነይ»፣ «ብዪ» ስላት እየሰማ ሲያድግ ነው። «እርስዎ»ም የመጣው ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ ነው። አማርኛ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለትልቅ ሰው፣ ለብዙ ሰው ይለያያል። ከአንድ ሰው ብቻ የሚማር ልጅ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው። ልጁ ባለበት ከሌሎች ሰዎች ጋር አውሩ፤ ጨዋታውን በሙሉ ይስማ።

መዋለ ሕፃናት ሲገባ ሌላ ፈተና መጣ። መጀመሪያ ዝም አለ። ትምህርት ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ቃል አልወጣውም። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ እንዲህ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ዝም ብሎ ያዳምጣል። መምህሯን የጠየቅኳት እንዳታስገድደው፣ ግን በምልክትም በጥቅሻም ጨዋታው ውስጥ እንድታስገባው ነው። ቆይቶ ተናገረ፤ ሲናገር ደግሞ ማቆሚያ አልነበረውም። ትንሽ ቆየና ቤትም ያንኑ ይዞ መጣ። እኔ በአማርኛ ስጠይቀው በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ይመልሳል። ሁሉም ይገባዋል፤ መልሱ ግን በዚያ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ቋንቋውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። አኒክ ዴ ሁወር የተባለች ተመራማሪ በቤልጂየም ፍላንደርስ ወደ 2,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመችው ሥራ፣ ከአራት ቤተሰቦች በአንዱ ያህል ልጆቹ ከአካባቢው ቋንቋ ሌላ ቤት ውስጥ የሚሰሙትን ቋንቋ እንደማይናገሩት አሳይታለች። ሁለቱም ወላጆች ቤት ውስጥ በዚያ ቋንቋ ብቻ በሚያወሩበት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጆች ይናገሩታል። ያን ሳይ የኛ አማርኛ ለምን እንደበረታ፣ አፋን ኦሮሞው ለምን እንደደከመ ገባኝ። አማርኛ የሁለታችንም ወሬ ነው። አፋን ኦሮሞ የአንድ ሰው፣ ያውም የምሽት ብቻ ነው።

ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ ምን እንላለን? ኤልሳቤት ላንዛ የምትባል ተመራማሪ ወላጆች የሚሰጡትን ምላሽ አጥንታለች። አንዳንዱ ወላጅ «አልገባኝም» ይላል። አንዳንዱ የልጁን ሐሳብ በራሱ ቋንቋ ገምቶ ይጠይቃል። አንዳንዱ ልጁ ያለውን በራሱ ቋንቋ ይደግመዋል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ወደ ልጁ ቋንቋ ይዞራል። ከላይ ወደታች ስትሄዱ ልጁ የቤቱን ቋንቋ የመናገር ግዴታው እየላላ ይመጣል። እኛ «አልገባኝም» ሞክረን ተውነው። ልጁ እንደሚገባኝ ያውቃል፤ ከፋው። የያዝነው ሁለተኛውን ነው። «ብስክሌቱ ተሰበረ ነው ያልከኝ? ወይስ ጠፋ?» ብዬ በአማርኛ አማራጭ እሰጠዋለሁ፤ አንዱን አንስቶ ይመልሳል። ቃሉን አቀብዬዋለሁ፣ ወሬውንም አላቋረጥኩበትም። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲፈራ፣ ትልቅ ነገር ሊነግራችሁ ሲመጣ ቋንቋውን እርሱት። በፈለገው ይንገራችሁ። እናንተ በራሳችሁ ቋንቋ መልሱለት።

ከሁሉ የበለጠ የረዳን ግን ቋንቋው የግድ የሚያስፈልግበት ሰው ነው። የባለቤቴ እናት አማርኛም ሆነ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ አያውቁም። የሳቸው ጥሪ ቀድሞ የአዋቂዎች ሰላምታ ነበር፤ ልጁ ለአንድ አፍታ ፊቱን አሳይቶ ይሮጣል። ቀየርነው። ስልኩ የልጁ ሆነ፤ እኛ ከክፍሉ ወጣን። እሳቸው ተረት ይነግሩታል፣ እሱ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ ያሳያቸዋል፣ እሳቸውም ስማቸውን ይነግሩታል። ካልተናገረ አይግባቡም። ባለቤቴ ደግሞ የመኝታውን ሰዓት በሙሉ ወሰደው፤ ማጠብ፣ ተረት፣ ማስተኛት ሁሉ በአፋን ኦሮሞ። እኔም ቋንቋውን ለመስማት ያህል ተምሬ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እናቱ በማትሰማው ቋንቋ አባቱ ሲያወራ ልጁ ሁልጊዜ አንድ ሰው ውጪ የቀረ ይመስለዋል። አሁን እኔ በአማርኛ፣ እነሱ በአፋን ኦሮሞ እየተቀባበልን እናወራለን።

ሁለተኛዋ ልጃችን ስትመጣ አማርኛው የቀለላት ይመስለን ነበር፤ ታላቅ ወንድም አላትና። ግን የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ቤት ይዞ የሚገባው ታላቁ ልጅ ነው፤ ወንድምና እህት እርስ በርስ የሚጫወቱት በዚያው ነው። ይህን በትእዛዝ ማስቀረት አልቻልንም፤ የሚችልም አላየሁም። የቻልነው ሁሉም ባለበት የሚደረጉ ጨዋታዎችን በቤታችን ቋንቋ ማድረግ ነው፤ እንቆቅልሽ፣ ድብብቆሽ፣ መንገድ ላይ የመኪና ቀለም መቁጠር። ደግሞም ቋንቋዎቻችንን የሚናገሩ ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ፈልገን አገኘን። ልጅ ከአንድ ሰዓት የእናት ትምህርት ይልቅ ከእኩያው ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የሚቀስመው ይበልጣል።

ማንበብን በተመለከተ አትቸኩሉ። ብዙ ወላጅ ልጁ መናገር ሲያቆም ፊደል በማስቆጠር ሊያድነው ይሞክራል። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ 231 ሆሄያትን ያለ ወሬ ማስጠናት ልጁን ያስመርረዋል። የኛ ፊደል ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» የሚለውን ጽሑፍ በትክክል የሚያነበው ቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው ልጅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወሬው ይብዛ። የኛ ልጅ ፊደል የጀመረው ራሱ ስሙን መጻፍ ሲፈልግ ነው። አፋን ኦሮሞው በቁቤ ስለሚጻፍና ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ በትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ንባቡን ቶሎ ያዘው። አባቱ ማጥበቅና ማስረዘም ፊደሉ ተደርቦ እንደሚጻፍ ብቻ ነው ያሳየው። አሁን ለአያቱ የሚላከውን መልእክት የሚጽፈው እሱ ነው፤ አጎቱ ያነብላቸዋል።

ልጃቸው ሰባት ስምንት ዓመት ሞልቶት ይገባዋል ግን አይመልስም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የሚገባው ልጅ ከባዱን ሥራ ሠርቷል። ከእሱ የቀረው መናገር ግድ የሚሆንበት ቦታ ነው። በዕረፍት ቋንቋው ብቻ የሚነገርበት ቤት ጥቂት ሳምንት ቢከርም፣ ያ ባይሆን በየሳምንቱ ቋሚ ሰዓት ያለው የአያት ወይም የአጎት ጥሪ ቢኖር ብዙ ይለወጣል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩበት። አንድ ሰዓት ምረጡ፤ የመኪና መንገድ ይሁን የመኝታ ሰዓት። ያንን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሲለምደው ሌላ ጨምሩ።

የኛ አፋን ኦሮሞ ዛሬም ከሦስቱ ደካማው ነው። ትልቁ ይናገራል፤ ትንሿ ከአያቷ ጋር ብቻ ትሞክራለች፤ ከአባቷ ጋር ወደ አማርኛ ታዘነብላለች፤ አማርኛ እንደሚችል ታውቃለቻ። ስለዚህ ሰሞኑን ባለቤቴ ጠዋት መዋያ የማድረሱን ተራ ከኔ ወስዶታል፤ መንገዱ የእሱና የሷ ብቻ ነው።